ካርቦን ፋይበር ፑንታ እየበላብን ነው፤ ብረት የሚበሳው እዚህ ለምን ይዶለዱማል?

ሐይቅ_ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነን፤ ጣና ላይ ሰው ሳይሳፈርባት እየሄደች ጥልቀት የምትለካ ትንሽ ጀልባ እየሠራን ነው። ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ የመለኪያው ነገር ብዙ አላስጨነቀንም። ያስቸገረን ሞተሩና ባትሪው የሚታሰሩበት ሰሌዳ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቦን ፋይበር (የካርቦን ክር ንብር በንብር ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀ) ሲሆን ለ4 ሚሊ ብሎን የሚሆኑ ብዙ ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል።

ከገበያ የገዛነው ኤችኤስኤስ (የተለመደው ጠንካራ የመብሻ ብረት) ፑንታ ላሜራም አንግል ብረትም ያለ ችግር ይበሳል። ካርቦኑ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀዳዳዎች ቆንጆ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በታች በኩል ክሩ ሳይቆረጥ ጸጉር መስሎ ይቀራል፤ አንዳንዱ ጋ የመጨረሻው ንብር ተላቆ ይነሳል። የሚገርመው ያንኑ ፑንታ መልሰን ብረት ላይ ስንሞክረው አሁንም ይበሳል። ታዲያ ጥፋቱ የፑንታው ነው የሰሌዳው? ሰሌዳውን ከውጭ በሰው ስላስመጣነው እያበላሸን መማር አንችልም። ያለን የጠረጴዛ ድሪል ነው፣ ከፍተኛው ዙሩ በደቂቃ 2500።

ባጃጅ_ጋራዥ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ዙሩ አንሷችሁ ነው። በእጅ ድሪል ሙሉ ፍጥነት ልቀቁትና ጫን በሉት፣ ያልፋል።

የቶርኖው_ሰው
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ኧረ ተው አንተ ሰው! ንብሩን የሚገነጥለው እኮ ጫን ማለቱ ነው።

ልጆች፣ ጥፋቱ የፑንታው ነው። ግን ከብረት የምታውቁት ዓይነት መዶልዶም አይደለም። ብረት ስትበሱ ፑንታን የሚገድለው በዋናነት ሙቀት ነው። ጥጉ (የስለቱ የውጭ ጫፍ) ይቃጠላል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ወይም ብረቱ ራሱ ስለቱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። ካርቦን ላይ ፍቅፋቂ እንኳ አይወጣም፤ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነው። እሱ ዱቄት ስለቱን ዝም ብሎ ይፍቀዋል። ቀለም ሳይለውጥ፣ ሳይሸርፍ፣ ድምፅም ሳያሰማ ስለቱን ያደበለብለዋል።

አሁን መጠኑን አስቡት። አንዷ የካርቦን ክር ከ5 እስከ 7 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ትወፍራለች፤ የሰው ጸጉር የዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ጥሩ አዲስ ፑንታ የስለቱ ጫፍ ክብነት ጥቂት ማይክሮን ስለሆነ ከክሯ ጋር ይመጣጠናል፣ ይቆርጣታል። ተፍቆ 20 እና 30 ማይክሮን ሲደርስ ግን ክሯ ስለቱ ፊት ትጎብጣለች፣ ትገፋለች፣ ከሙጫዋ ትላቀቃለች እንጂ አትቆረጥም። ዱልዱም ማጭድ ጤፍ ላይ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ፤ አያጭድም፣ ይጎትታል። ብረት ደግሞ 20 ማይክሮን አይገደውም፣ ጫን ካላችሁት ይፈቀፈቃል። ፑንታው ብረት ላይ ሕያው ካርቦን ላይ ሙት የሚሆነው ለዚህ ነው። ብረት ላይ መሞከሩ ስለ ካርቦኑ ምንም አይነግራችሁም።

ሐይቅ_ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ታዲያ መሞቱን በምን እንወቅ?

የቶርኖው_ሰው
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ስለቱን መብራት ሥር ያዝና ቀስ እያልክ አዙረው። ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ መስመር ሆኖ አይታይም። የተፋቀ ጠርዝ ግን ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል። ጥጉ አካባቢ መጀመሪያ ታየዋለህ፤ ብዙ መንገድ የሚጓዘው እሱ ነውና። ማጉያ መስታወት ካለህ ደግሞ የተሻለ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መውጫውን እይ። በተቆራረጠ የዚያው ሰሌዳ ቁራጭ ላይ በአዲስ ፑንታ አንድ ቀዳዳ ብሳና አስቀምጠው። በየመሃሉ እያቆምክ አሁን የወጣውን ከእሱ ጋር አስተያይ። ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ፑንታው አብቅቷል፤ “አንድ ልጨምርበት” የለም። ብረት ላይ የስለቱ ጀርባ 0.3 ሚሊ ሜትር እስኪበላ ፑንታ ያሠራል፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም የተለመደ ልክ ነው። እዚህ ያንን ልክ ከጠበቃችሁ ሰሌዳው ቀድሞ አልቋል።

ሜካኒካል_ተመራቂ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ልደግፈው። ኤችኤስኤስ በቪከርስ የጥንካሬ መለኪያ 850 ገደማ ነው። ተንግስተን ካርባይድ ከ1500 በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለንተናው ካርባይድ የሆነ ፑንታ ግዙ፤ ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ካርባይድም ቢሆን ይሞታል። ካርባይድ ደቃቅ ጠንካራ ቅንጣቶች በኮባልት ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ የካርቦኑ ዱቄት ለስላሳውን ኮባልት ከመሃል ይፍቃል፣ መያዣ ያጣው ቅንጣት ተነቅሎ ይወድቃል። ስለዚህ ቅንጣቱ የደቀቀ፣ ኮባልቱ 6 በመቶ ገደማ የሆነ ይመረጣል።

አሁን ወደ አገባቡ ልምጣ፤ ሰው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው። “ቀስ አድርገህ ብሳ” ይባላል። ቀስ ማለትም ግን ዋጋ ያስከፍላል። 4 ሚሊ ፑንታ አንዴ ሲዞር ጥጉ 12.6 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በእያንዳንዱ ዙር 0.05 ሚሊ ሜትር ካስገባችሁት 3 ሚሊውን በ60 ዙር ይጨርሳል፤ ጥጉ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካርቦን ላይ ተፈገፈገ ማለት ነው። በዙር 0.02 ካስገባችሁት 150 ዙር ይፈጃል፣ ወደ 1.9 ሜትር። ቀዳዳው ያው፣ መፋቁ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ።

በሌላ በኩል ፈጥናችሁ ካስገባችሁት ወደ ታች የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። ሆቼንግና ዳራን በ1990 ያወጡት የታወቀ ስሌት አለ፦ ከፑንታው ጫፍ በታች ሳይበሳ የቀረው ውፍረት እየሳሳ ሲሄድ ሰሌዳው የሚችለው ግፊት ከውፍረቱም ፈጥኖ ይወርዳል። የቀረው ወደ ሩብ ሲወርድ የሚችለው ግፊት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ነው መከራው ሁልጊዜ መጨረሻው ንብር ላይ የሚመጣው። ፑንታው እየዶለዶመ ሲሄድ ደግሞ ግፊቱ በየቀዳዳው ይጨምራል። ሰሌዳው ከሚችለው በላይ የሆነበት ቀዳዳ ላይ ንብሩ ይላቀቃል። የእናንተ የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ማማራቸውና ኋላ መበላሸታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የጠረጴዛ ድሪላችሁ 2500 ዙር ላይ በዙር 0.04 ቢገባ 3 ሚሊው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። የእጅ ስሜቱን በዚህ ለኩት፤ አሥር ሰከንድ ከፈጀባችሁ እየበሳችሁ ሳይሆን እየፈገፈጋችሁ ነው። የስለቱ ፍጥነት በደቂቃ 31 ሜትር ይሆናል። ለካርባይድ ዝቅ ያለ ነው፣ ፋብሪካዎች ከ50 በላይ ይሄዳሉ፤ ግን ለእናንተ ሥራ ይበቃል።

ባጃጅ_ጋራዥ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ካርባይድ ካላችሁ የግንብ ፑንታ አለ አይደል? ጫፉ ካርባይድ ነው፣ በየብረታ ብረት ሱቁ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው።

የቶርኖው_ሰው
ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ጫፉ ካርባይድ ነው፣ ስለት ግን የለውም። የተሠራው ሲሚንቶ እየደበደበ እንዲፈጭ ነው። ካርቦን ላይ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምሮ እንደ ሞተ ፑንታ ነው የሚሠራው። አትሞክሩት።

ዓባይ_ማዶ
ሰኞ፣ ቀን 7፡10

ወርቃማ ቀለም ያላቸው ፑንታዎችስ? ቲታኒየም የተቀቡ ናቸው ብሎ ነበር ሻጩ።

ሜካኒካል_ተመራቂ
ሰኞ፣ ቀን 7፡45

ቲታኒየም ናይትራይድ ማለቱ ነው። እውነተኛው ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ብረት ላይ ይጠቅማል። ካርቦን ላይ ግን ሽፋኑ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ስለቱ ጫፍ ላይ ወዲያው ተፍቆ ያልቃል፣ ከሥሩ ያው ኤችኤስኤስ ይመጣል። በዚያ ላይ ሽፋን የተባለ ሁሉ ስለቱን በትንሹም ቢሆን ያደበለብለዋል። ገበያ ላይ ደግሞ ቀለሙ ብቻ ወርቃማ የሆነ አለ።

እዚህ ሥራ ላይ ዋጋ ያለው ሽፋን አልማዝ ነው፤ ካርባይድ ላይ በጋዝ የሚበቅል እውነተኛ አልማዝ። ለዚያም ነው ኮባልቱ ትንሽ መሆን ያለበት፤ ኮባልት አልማዙ እንዲበቅል አይፈቅድም፣ ወደ ግራፋይት ይለውጠዋል። የአውሮፕላን ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ይህንን ወይም ጫፉ ጥርቅም አልማዝ (ደቃቅ አልማዝ አንድ ላይ ተጨምቆ የተሠራ) የሆነውን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር አውሮፕላን የመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከእንዲህ ዓይነት ቁስ ነው፤ ያ ሁሉ መጋጠሚያ በቀዳዳ ነው የተያያዘው። እነሱ ዘንድ ካርቦንና ቲታኒየም ተደራርበው በአንድ ምት ሲበሱ ነገሩ ይብሳል። ካርቦኑ ስለቱን ይፍቃል፣ የጋለው ቲታኒየም ተጣብቆበት ሲነሳ ቁራሽ ይዞ ይሄዳል። እናንተ ከዚህ ነፃ ናችሁ። ለ3 ሚሊ ሰሌዳ ሽፋን የሌለው ካርባይድ ይበቃል፣ ገንዘባችሁን አልማዝ ላይ አታውጡ።

ጀልባ_ጠጋኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

እኔ ካርቦን ነክቼ አላውቅም፤ ፋይበር ግላስ ጀልባ ነው የምጠግነው። ፑንታ መብላቱ እዚያም ያው ነው፣ ብርጭቆም ይፍቃል። የምላችሁ ስለ ሥሩ ነው። ሰሌዳውን በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ አትብሱ። ከሥሩ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ወይም ደህና ጣውላ አስገቡ፣ ምንም ክፍተት ሳይኖር በክላምፕ አጣብቁት። የመጨረሻው ንብር የሚገፋበት ቦታ ካጣ አይላቀቅም።

ብዙ ሰው የሚረሳው አለ፦ ኤምዲኤፉን ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ገፋ አድርጉት። ቀድሞ የተበሳ ጉድጓድ ላይ ዳግም ከበሳችሁ ድጋፍ የለም ማለት ነው።

ሐይቅ_ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህን አላሰብነውም ነበር፣ ተባረክ። የወረቀት ፕላስተር ከላይና ከታች ብንለጥፍስ?

ጀልባ_ጠጋኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ከላይ ይረዳል፣ መግቢያው ላይ የሚነሳውን ክር ይይዛል፣ ምልክትም ይጻፍበታል። ከታች ግን የጣውላውን ቦታ አይተካም። ስትልጡት ቀስ በሉ፤ የተላቀቀ ክር ካለ ፕላስተሩ ራሱ ይዞት ይነሳል።

ሰው_ሠራሽ_እግር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ሰው ሠራሽ እግር ነው የምሠራው። ሶኬቱን (የቀረው እግር የሚገባበትን ክፍል) በካርቦን ጨርቅና በሙጫ ስለምንለብጠው መብሳት የየዕለት ሥራዬ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

ሰፋ ላሉ ቀዳዳዎች፣ ለምሳሌ ሽቦ ለሚያልፍበት 10 ሚሊ፣ ፑንታ አትፈልጉ። ጫፉ ላይ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ባዶ ቱቦ መሰል መብሻ አለ፤ ለሴራሚክና ለመስታወት ይሸጣል። እሱ አይቆርጥም፣ ይፈጫል፤ መሃል ላይ የሚገፋ አፍንጫ ስለሌለው ንብሩን አያላቅቅም። ሙጫው እየሞቀ ብናኙን ከደፈነው ቀዝቀዝ አድርጎ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ነው።

ሁለተኛው፣ ቀዳዳው ካለቀ በኋላ ጠርዙን በቀጭን ኢፖክሲ አሽጉት። በእኛ ሥራ የሰው ቆዳ ስለሚነካው ግዴታ ነው፤ እናንተ ደግሞ ውኃ ላይ ናችሁ፣ በተላቀቀ ንብር መሃል ውኃ ይገባል።

ዱቄቱን እስካሁን ማንም አላነሳውም፤ ገረመኝ።

የቶርኖው_ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ልክ ነሽ እህቴ፣ ዱቄቱን አንቺው ንገሪያቸው። እኔ አፍንጫውን ላስረዳ። ፑንታ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ጠርዝ አትቆርጥም፣ ትገፋለች። ወደ ታች ከሚገፋው ኃይል ትልቁን ድርሻ የምትወስደው እሷ ናት። ስለዚህ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ቀዳዳ አስቀድማችሁ ብትበሱ ትልቁ ፑንታ መሃሉ ባዶ ያገኛል፣ ግፊቱ ብዙ ይቀንሳል።

ሜካኒካል_ተመራቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እውነት ነው ጋሼ፣ ግን ቀጭኑም ፑንታ ይዶለዱማል፣ ቶሎም ይሰበራል፤ በእጅ በሚሠራ ድሪል ደግሞ ሁለተኛው ፑንታ መሃሉን ሲስት ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። አፍንጫው የተሳለ ካርባይድ፣ ከሥሩ ኤምዲኤፍ፣ አንድ ምት፤ ለ4 ሚሊ ይህን እመርጣለሁ። ከ6 በላይ ሲሆን የእርስዎ መንገድ ይሻላል።

የቶርኖው_ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ሰሌዳው ሳይነቀል መሃሉን ለምን ይስታል? እንደ ታሰረ ፑንታውን ብቻ ለውጥ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ግን ልጆቹ ቁራጭ ላይ ሁለቱንም ይሞክሩት።

ሰው_ሠራሽ_እግር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እሺ ዱቄቱ። ክሯ ሙሉ ሆና ወፍራም ስለሆነች ብዙውን ጊዜ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ትቀራለች፣ ቆዳ ታሳክካለች። የሚያሳስበው ከክሯ የተሰበረው ስብርባሪና የሙጫው ብናኝ ነው፤ እሱ ወደ ውስጥ ይገባል። የጨርቅ ማስክ አይሆንም፣ ኤፍኤፍፒ2 (ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ) ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ። ቫክዩሙን ፑንታው አጠገብ ይዛችሁ ሳቡት። በአየር ፓምፕ እፍ ማለት የለም፣ ክፍሉን ሙሉ ታዳርሱታላችሁ። እጅጌያችሁን ሸፍኑ፣ ስትጨርሱ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ፑንታው በዶለዶመ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሙጫው መሽተት ይጀምራል። የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ከሸተታችሁ ማስኩ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፣ ፑንታውም አልቋል። ኢፖክሲ እንደ ዓይነቱ ከ100 ዲግሪ በታች ጀምሮ እስከ 200 ገደማ ባለው መሃል ይላላል፤ ከላላ በኋላ ክሩን የሚይዘው ነገር የለም።

ዓባይ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጀልባዋ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ያለበት ጠረጴዛ ላይ እንዳትበሱ። ያ ዱቄት ሰርኪዩቱ ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል፣ ምክንያቱንም ፈልጋችሁ አታገኙትም።

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ፑንታ እሸጣለሁ የምትሉ በውስጥ መስመር ተጻጻፉ፤ ሁለት ማስታወቂያ አንስቻለሁ። ውይይቱ ይቀጥል።

ዘጌ_ቡና
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡00

ዘይት ብታፈሱበትስ? ብረት ላይ ፑንታን የሚያቆየው ዘይት ነው።

የቶርኖው_ሰው
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡20

እዚህ አይሠራም። ዱቄቱ ከዘይት ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል፣ ያ ጭቃ የፑንታውን ቦይ ይደፍናል፣ ስለቱን መፋቁንም አይተውም። ኋላ ኢፖክሲ ልትቀቡበት ብትሉ ደግሞ ዘይት የነካው ቦታ አይዝም። በደረቁ፣ በቫክዩም።

ሐይቅ_ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

ተመልሰናል። 4 ሚሊ ካርባይድ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ዋጋው የብዙ ኤችኤስኤስ ዋጋ ነው፣ ግን አንድ የተበላሸ ሰሌዳ ከዚያ ይበልጣል። ከሥር ኤምዲኤፍ፣ ከላይ ፕላስተር፣ በምት ሁለት ሰከንድ ያህል። ሁሉም ቀዳዳ በታችም በላይም ንጹሕ ወጥቷል። የጋሼን መብራት ሥር ማየት በየመሃሉ አድርገናል፤ ጥጉ ላይ ቀጭን መስመር መታየት ጀምሯል፣ መውጫው ግን ገና አልተለወጠም። በአንድ ምት መብሳትንና አስቀድሞ በቀጭን መብሳትን ቁራጭ ላይ ስናስተያይም በዚህ ውፍረት ልዩነት አላየንም።

ሁለት ጥያቄ ቀረን። አንዱ፣ 4 ሚሊ ብሎን 4 ሚሊ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ እያለ ነው፤ ብረት ላይ እንዲህ አይደለም። ሁለተኛው፣ የአሉሚኒየም ብሎን ክብደት ስለሚቀንስ እሱን ልናደርግ ነበር፣ ይሆናል?

ሜካኒካል_ተመራቂ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

አሉሚኒየም አይሆንም። ካርቦንና አሉሚኒየም ተገናኝተው እርጥበት ካገኙ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ጣና እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ ቶሎ አይበላም እንጂ ይበላል፤ ጀልባዋ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ናት። ስቴንለስ አድርጉ። የሞተሩ ማቀፊያ አሉሚኒየም ከሆነ በእሱና በካርቦኑ መሃል አንድ ንብር ፋይበር ግላስ ወይም ፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ፣ እንዳይነካኩ።

ጀልባ_ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25

ያ የሞተር ማቀፊያ ፕሮፔለሩን የሚከልል ወንፊትም ይኑረው። እምቦጭ ያለበት ገብታችሁ ከተጠቀለለባችሁ ዋኝቶ የሚያመጣት አታገኙም።

የቶርኖው_ሰው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

ቀዳዳው የጠበበው ክሩ ስለሚመለስ ነው። ፑንታው ሲያልፍ ክሩ ትንሽ ይጎብጥና ካለፈ በኋላ ይቀናል፤ ቀዳዳው ከፑንታው በጥቂት ማይክሮን ያንሳል። ጥጉ እየተፋቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይጠብባል። የመጥበቡ መጠን የፑንታውን ዕድሜ ይነግራችኋል።

በመጀመሪያም ለ4 ሚሊ ብሎን 4 ሚሊ ቀዳዳ አይበሳም፣ ብረትም ቢሆን ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል። የ4.2 ካርባይድ ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ በክብ የአልማዝ ሞረድ አንድ ሁለት ዙር ጠረግ አድርጉት፣ ከሁለቱም ወገን ወደ መሃል። ብሎኑን ግን በመዶሻ እንዳታስገቡት።